ባክቴሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ያሉትን አብሉ

ባለፈው ዓመት ሆዴ በተነፋ ቁጥር የምሮጠው ሰፈር ወዳለው መድኃኒት ቤት ነበር። ሻጩ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ጃርዲያ ነው» ይላል። እኔም እሺ እላለሁ። ታብሌቷን እውጣለሁ፣ ሁለት ቀን አፌ ብረት ብረት ይለኛል፣ ሦስት ሳምንት ደህና እሰነብታለሁ፣ ከዚያ እንደገና። በዓመት አራት ጊዜ! ሰገራዬን ግን አንድም ቀን ላብራቶሪ አይቶት አያውቅም። በአራተኛው ላይ ሐኪም የሆነች ጓደኛዬ ሰማችና በደንብ ከተቆጣችኝ በኋላ «እስቲ ስኳርህንም ተለካ» አለች። በባዶ ሆድ 112 ወጣ። ስኳር በሽታ አይባልም፣ ደህና ነህም አያስብልም። ቦርጬን በሜትር የለካሁትም ያን ሳምንት ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንጀት ባክቴሪያ ያነበብኩትንና ኩሽናዬ ውስጥ የቀየርኩትን ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ አለ ተብሎ ይገመታል፤ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን 200 ግራም ገደማ ነው፣ ሩብ ኪሎ ቡና እንኳ አይሞላም። የሚበሉት እኛ መፍጨት ያቃተንን ነው፤ የምስሩን ሽፋን፣ የጎመኑን ግንድ፣ የገብሱን ገለባ፣ ባጭሩ ፋይበሩን። እሱን አብላልተው ትናንሽ የስብ አሲዶች ያወጣሉ። ከነሱ አንዱ ቡቲሬት ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሱ ነው። እነዚሁ አሲዶች አንጀት ጂኤልፒ-1 የሚባለውን ሆርሞን እንዲለቅ ይገፋፋሉ፤ ጥጋብ እንዲሰማንና ኢንሱሊን በሰዓቱ እንዲወጣ የሚያግዝ ነው። ኦዜምፒክ የሚባለው ለስኳር በሽታና ለመክሳት የሚወጋ መድኃኒት ሲወራ ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል፣ መድኃኒቱ የተሠራው ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ ነው። ጎመን በልታችሁ ኦዜምፒክ የወጋችሁትን ያህል ትከሳላችሁ እያልኩ አይደለም፤ መጠኑ በፍጹም አይገናኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ጥሩ ባክቴሪያ» በካፕሱል የሚሸጥ ሞልቷል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ካፕሱሉን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በ2013 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ጎርደን ቡድን መንትዮችን ፈለገ፣ አንዷ ወፍራም ሌላዋ ቀጭን የሆኑ። ከሁለቱም ሰገራ ተወስዶ ያለ ምንም ባክቴሪያ ላደጉ አይጦች ተሰጠ። የወፍራሟን የተቀበሉት አይጦች ስብ ጨመሩ። ቀጥሎ ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ጎጆ ውስጥ አስገቧቸው። አይጥ የአይጥን ፋንድያ ይበላል፣ ስለዚህ ባክቴሪያው ተዳረሰና ሊወፍሩ የነበሩት ሳይወፍሩ ቀሩ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን የሠራው ምግባቸው ስቡ ያነሰና ፋይበር የበዛበት ሲሆን ብቻ ነበር። መኖው ስብ የበዛበትና ፋይበር ያነሰበት ሲሆን ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች መጥተው እንኳ ቦታ አላገኙም።

በሰው ላይም አምስተርዳም ውስጥ ተሞክሯል። ቦርጭና የስኳር መዛባት ያለባቸው ወንዶች የቀጫጭን ሰዎችን ባክቴሪያ በቱቦ ተቀበሉ። በስድስት ሳምንት ኢንሱሊን የተሻለ ይሠራላቸው ጀመር፤ በ2017 በወጣው ተከታይ ጥናት ግን በ18ኛው ሳምንት ነገሩ ወደ ነበረበት ተመልሷል። እንግዳ መጥቶ የሚበላው ካጣ ይሄዳል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስለዚህ የኔ ምክር ከካፕሱል በፊት ማዕድ የሚል ነው። ከማዕድም በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ መግደል ማቆም።

ታብሌቷን አስቀምጧት

ጃርዲያና አሜባ እኛ አገር በእውነት አሉ፣ አልክድም። ችግሩ ሆድ በተነፋ ቁጥር ጃርዲያ ማለታችን ነው። ለጃርዲያ የሚሰጡት ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል የሚገድሉት ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ነገሮችን ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎቻችን አብዛኞቹ ደግሞ የሚኖሩት ያለ ኦክስጅን ነው። ገባችሁ አይደል? አንዲት ጃርዲያ ለማባረር፣ ያውም ከነጭራሹ ላትኖር ትችላለች፣ ቤቱን በሙሉ እያጨስን ነው። በ2018 በወጣ ጥናት ጤነኛ ወንዶች ለአራት ቀን ጠንካራ አንቲባዮቲኮች ወሰዱ። አብዛኛው ባክቴሪያ በወር ተኩል ተመለሰ፤ አንዳንዱ ግን ስድስት ወር ሞልቶትም አልታየም።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ሆዳችሁ ሲታመም ሰገራችሁን አስመርምሩ። ጃርዲያ ሁልጊዜ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ አንድ ቀን «የለም» ቢባልም ምልክቱ ከቀጠለ በሌላ ቀን ደግማችሁ ስጡ። ከተገኘ መድኃኒቱን በታዘዘው ልክ ጨርሱት፣ ሁለቱን ቀን ወስዶ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የለም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ንክች አያደርገውም።

አንቲባዮቲክ ከወሰዳችሁ በኋላ ፕሮባዮቲክ፣ ያንኑ የ«ጥሩ ባክቴሪያ» ካፕሱል፣ ግዙ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እስራኤል ባለው የዋይዝማን ተቋም በ2018 ይህንኑ ፈትነውታል፤ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች የገዛ ባክቴሪያቸው የተመለሰላቸው ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ ነው። እኔ ሁለት ብልቃጥ ገዝቼ ነበር። አንዱ ሳይከፈት ፍሪጅ በር ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ ተለኩ

የሰገራ ባክቴሪያ በፖስታ ልካችሁ ባለቀለም ሪፖርት የሚመለስላችሁ ምርመራ አለ፣ ውጭ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አትክፈሉበት። ሪፖርቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ብትሄዱ የሚያዝዝላችሁ የተለየ ነገር የለም። የሚጠቅሙት ርካሾቹ ናቸው። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ከ100 በታች ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። ከቻላችሁ የሦስት ወር አማካዩን ኤዋንሲውንም ጨምሩ፤ 5.7 እና ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ በሽታ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ በባዶ ሆድ ከ150 በታች ይሁን። ቦርጭ ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ እምብርት ላይ፣ ሆድ ሳይሳብ። ከቁመታችሁ ግማሽ ካለፈ መላ ያስፈልገዋል። ደብተር ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ትሪው ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይላል። ሀበሻ ይህን መሙላት አይከብደውም ነበር፣ አሁን አሁን ግን እየከበደን ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ፓስታ (አንዳንዱ ፓስታውን በእንጀራ!)፣ ማታ አንድ ተኩል እንጀራ በቀጭን ሽሮ። ሆድ ይሞላል፣ ትልቁ አንጀት ግን ጾሙን ያድራል።

ስለዚህ ትሪውን እንገልብጠው። እኔ የማደርገው ይኸው፦ ግማሽ እንጀራ ብቻ አነጥፋለሁ፣ ወጡን ከበፊቱ እጥፍ አደርጋለሁ፣ ወጡም በተቻለ መጠን ድፍን ነገር ይሁን። ክክ ገለባው ተገፎ የወጣለት ነው፣ ሽሮም እንደዚያው ከተከካ እህል ይፈጫል። ድፍን ምስር ግን ካባውን እንደለበሰ ነው። አንድ ትልቅ የውሃ ብርጭቆ የሚሞላ፣ 200 ግራም የሚሆን የበሰለ ድፍን ምስር 15 ግራም ገደማ ፋይበር አለው። ከቀኑ ድርሻ ከግማሽ በላይ ባንድ ጊዜ! ክክና ሽሮ ተዉ አላልኩም፣ ሽሮ የሚተው ሰው አላውቅም። ድፍኑ በሳምንት ሦስት አራቴ ይግባ ነው የምለው።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚወዱት ኢኑሊን የሚባል ፋይበር አለ። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይጀመርም፣ እዚህ ላይ ከማንም እንበልጣለን።

ገብስን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ረስተነዋል። ስዊድን ሉንድ ውስጥ በ2015 የወጣ ጥናት ሰዎችን ለሦስት ቀን የገብስ ዳቦ አበላ። ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳራቸው የተሻሻለላቸው ሰዎች አንጀታቸው ውስጥ ፕሬቮቴላ የሚባለው ባክቴሪያ ከሌሎቹ በዝቶ ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ እህልና ጥራጥሬ በሚበሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ የቡርኪናፋሶ ገጠር ልጆች ላይ ሞልቶ ተገኝቷል። እና በሶ ምን በደለን? ጠዋት ሁለት ሦስት ማንኪያ በሶ በውሃ ለውሱት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ጣል አድርጉበት፣ በቃ ቁርስ ነው። በስኳር ወይም በማር ከበጠበጣችሁት ግን ሌላ ወሬ ነው። የገብስ ቂንጬም፣ ቆሎም ይቆጠራል። ንፍሮ ደግሞ የልቅሶ ቤት ብቻ መሆኑን ማን ደነገገው? እሁድ ስንዴና ሽምብራ ቀቅላችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ ሥራ ቦታ በብስኩት ፈንታ ይዘገናሉ።

የቀዘቀዘ ነገር ራሱ ጥቅም አለው። ድንች ወይም ሩዝ በስሎ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ጥቂቱ ለኛ የማይፈጭ፣ ለባክቴሪያዎቹ ግን ቀለብ የሚሆን መልክ ይይዛል፤ ብታሞቁትም ሁሉም አይጠፋም። ዓረብ አገር ያላችሁና ሩዝ በየቀኑ የሚቀርብላችሁ ይህን ያዙልኝ፣ ምስርም ቀላቅሉበት። ሩዙ ግን ጠረጴዛ ላይ አይደር፤ ቶሎ ፍሪጅ ይግባ፣ አለዚያ ሌላ መጥፎ ባክቴሪያ ይራባበታል።

ዓይነት ማብዛትም አለ። በ2018 የወጣ፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በሳምንት ከ30 ዓይነት በላይ ዕፅዋት የሚበሉ ሰዎች አንጀት ውስጥ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሚበሉት ይልቅ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አግኝቷል። 30 ሲባል ደነገጣችሁ? አንድ የጾም በያይነቱ እንቁጠር። ጤፍ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ቀይ ስር፣ ፎሶሊያ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። አሥራ አራት፣ ገና አንድ ምሳ ነው። ተልባ፣ ሱፍ፣ ሙዝና ፓፓያ ስትጨምሩ ሳምንቱ ሳያልቅ 30 ትደርሳላችሁ።

ጋዙስ?

ይመጣል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ፈርቼ ነበር። ፋይበር ድንገት ስታበዙ ባክቴሪያዎቹ ድግስ ላይ ናቸው፣ ድግስ ደግሞ ጫጫታ አለው። ይህን ጊዜ ነው ሰው «ጃርዲያ ተነሳብኝ» ብሎ ወደ ታብሌቷ የሚመለሰው። ተጠንቀቁ። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉትና በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። ውሃ ጠጡ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል። በአንጀት መቆጣት ለቆየ ሰው ግን ሽንኩርትና ባቄላ ሊያብሱበት ስለሚችሉ እሱ ሐኪም ያማክር።

እርሾ፣ እርጎ፣ ስልጆ

እንጀራ የቦካ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። መቦካቱ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ለሰውነት ያቀርባል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የምትገዙት እንጀራ ስንዴና ነጭ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ሕይወት ያለው የቦካ ነገር እርጎና ስልጆ ነው። ስታንፎርድ በ2021 ሰዎችን ለ10 ሳምንት የቦኩ ምግቦች አብልቶ የባክቴሪያቸው ዓይነት ሲበዛ፣ ደም ውስጥ ያሉ 19 የብግነት ምልክቶች ሲቀንሱ አይቷል። ፋይበር ብቻ ያበዙት ላይ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓይነቱ አልበዛም። እኔ ሁለቱንም እበላለሁ።

እርጎ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። ወተቱን አፍሉት፣ ይህ አይዘለልም። ጥሬ ወተት ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ በፍጹም። ከፈላ በኋላ ይብረድ፤ ለብ ሲል ትንሽ ጣታችሁን ነክራችሁ እስከ አሥር መቁጠር ስትችሉ ልክ ነው። ከቀድሞው እርጎ፣ ወይም ስኳር ከሌለው የሱቅ እርጎ፣ ለሊትር ሁለት ማንኪያ ጨምሩና አማስሉት። ክዳን፣ ፎጣ፣ ሞቅ ያለ ጥግ። ማታ 2 ሰዓት ያስቀመጣችሁት ጠዋት ረግቶ ይጠብቃችኋል። ስኳር አትጨምሩበት፣ ሚጥሚጣ ይበቃዋል። ጠላም ቦክቷል ብሎ የሚከራከረኝ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ እንኳ የሚፈልገው ፈቃድ ነው።

ቡና ጠጪዎችም ደስ ይበላችሁ። በ2024 ከ20,000 በላይ ሰዎች የታዩበት ጥናት ላውሶኒባክተር የሚባል ባክቴሪያ ቡና የሚጠጡ ሰዎች አንጀት ውስጥ በጣም በዝቶ አግኝቷል። ሦስት ማንኪያ ስኳሩን ግን እኔ ወደ ምንም አውርጄዋለሁ፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አገር ስንቀይርና ጾም ሲፈታ

ባክቴሪያ ከማዕድ ጋር ቶሎ ይለወጣል። በ2015 የወጣ ጥናት 20 የፒትስበርግ አፍሪካ አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ምግብ ለሁለት ሳምንት አቀያየራቸው። አሜሪካውያኑ ፋይበር ሲያገኙ ቡቲሬታቸው ጨመረ፣ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ ተቃራኒው። ሁለት ሳምንት ብቻ! ሚኒሶታ ውስጥም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ስደተኞች ገና በወራት ውስጥ ባክቴሪያቸው ወደ አሜሪካዊ መልክ መለወጥ እንደሚጀምር ታይቷል። የቤተ እስራኤልን ታሪክ ደግሞ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በሽታ እምብዛም ያልነበረባቸው ሰዎች ላይ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ ወጣቶቹ ላይ ሳይቀር፣ በሽታው መብዛቱ በ1988 ተጽፏል። እዚያ ጥፋተኛው ባክቴሪያ ብቻ ነው አይባልም፤ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡ፣ መቀመጡ፣ ሁሉም አለበት።

የጾም ወቅት እንግዲህ ለባክቴሪያዎቹ ወርቅ ነው፣ በቺፕስና በዳቦ ካላሳለፍነው። ጾሙ ሲፈታ ነው ጉዱ፤ ሳምንት ሙሉ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ከጎኑ አንዲት ቅጠል የለም። ቤታችን በዓል ሲሆን ጎመኑ ከዶሮው ጋር እኩል መሶብ ላይ ይወጣል፣ ይህ የእናቴን ፊት ያጠቆረ ውሳኔ ነበር።

ለማን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ እንጀራና ዳቦ በድንገት ስትቀንሱ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪማችሁ ያስተካክል። ሜትፎርሚን ሆድ ያውካል ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። አብሽ ጠጥታችሁም መድኃኒት አትተዉ። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ ይህን ጽሑፍ ዝጉና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሦስት ወር ሲሞላ ያው ደብተር፣ ያው ሜትር፣ ያው በባዶ ሆድ ምርመራ። የኔ 112 የነበረው 99 ገብቷል። ጓደኛዬን ደውዬ ባክቴሪያዎቼን ስኮፍስላት «የሻዩን ስኳር መተውህንና ከምሳ በኋላ በእግር መሄድህን አትርሳ» አለችኝ። ቀበቶዬ ደግሞ የገባው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።